ጓንት አይፈቀድም

በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቱቦ በኩል፣
የሜዳ ፈቃድ ነው ሥራዬ፤ ማተም፣ ማስፈረም፣ መከልከል።
አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ወንዙ በረዶውን ገና ሲሰብር፣
ዋንዳ ስቶዶላ ገባች፣ በብብቷ ይዛ ትንሽ ሐብሐብ የሚያህል ነገር፤
ቺካጎ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድታ፣
ልጇ ዘንድ ዱቡክ የመጣች፣ ጡረታዋን ይዛ፣ ጉልበቷን ሳትረታ።

«ኳስ ናት» አለች፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለቻት፣ ድም አለች።
ማህተሜ ወደቀ፤ እሷ ግን ከወደቀችበት ንቅንቅ አላለች።
«ዙሪያዋ አሥራ ስድስት ኢንች፤ እኛ ሰፈር ሶፍትቦል ስትል ይቺን ነው፤
ያ የናንተው ትንሹ ከምሳ የተረፈ ብርቱካን ነው።»

ፎርሙን አወጣሁ። «የስፖርቱ ዓይነት» ይላል፤ አራት ሳጥን አለው፤
የሷን ፈለግሁ፣ የትኛው ነው?
ቀጥሎ «የመከላከያ ዕቃ» ይላል፤ ጓንት፣ ብዛቱ ስንት?
«ዜሮ» አለች። «በባዶ እጅ ነው። እንዲያውም ጻፍበት፤ አይፈቀድም ጓንት።»

ያኔ ነው እጆቿን ያየሁ።
ቀለበት ጣቷ ወደ ትንሿ ዞሯል፣
መሐል ጣቷ ከአንጓው ላይ እንደ አሮጌ ቁልፍ ጎብጧል።
«ይሄ በሰባ ስምንት፣ ይሄ በእህቴ ሠርግ ማግስት፣
ይሄኛው ግን» ሳቀች፣ «የአውቶቡስ በር ነው፤ ከኳስ አትቁጠርበት።»
አምስት ጣት እኩል አይደለም ሲባል እሰማ ነበር፤
የሷዎቹ ግን ጎረቤት ሆነው የተኳረፉ ይመስሉ ነበር።

በልብስ ማጠቢያው፣ በሥጋ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈች፤
«ሐሙስ ማታ። ማንም ይምጣ። ባዶ እጁን።» ሌላ ቃል አልጨመረች።

ሰባት ሰው መጣ። ለአንድ ቡድን እንኳ አይሞላም።
ሥጋ ቆራጩ ዴልበርት ሽርጡን አልፈታም፤
ሊጆን፣ የማርሻል ደሴቶች ልጅ፣ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
ሁለት ወንድሞቿን አስከትላ፤ አንዱ አኩራፊ፣ አንዱ አንባቢ፤
ፓስተር ኤልድሪጅ፣ ጉልበቱ በፋሻ፤
አይስክሬም የሚልሱ መንትዮች፣ የመጡበትን የማያውቁ እስከ መጨረሻ።
ስምንተኛው እኔ ነኝ። ሜዳውን ልቆጣጠር ነው የመጣሁ፤
ለሚስቴ እንዲያ አልኳት። አላመነችም፤ እኔም ራሴን አላመንኩ።

«አዲሷ ኳስ ድንጋይ ናት» አለች ዋንዳ። «አትታገሏት።
የተኛ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው፣ ወደ ኋላ እያላችሁ፣ በደረት ተቀበሏት።
ስትመታ፣ ስትመታ ስፌቷ ይለሰልሳል፤
ትራስ ትሆናለች፤ ሩቅ መሄድ ያቅታታል።
ያኔ ነው ጨዋታው።
ያኔ ጉልበተኛውም ሽማግሌውም ከአንድ ሜዳ ይውላሉ።»

በአምስተኛው ዙር ሊጆን መታች። ኳሷ ከመብራቱ በላይ ወጣች፣
ለአፍታ ማንንም ያላየች መሰለች፤ ከዚያ እኔን መረጠች።
«ደረት! ደረት!» ትላለች ዋንዳ። እኔ ግን እጄን ዘረጋሁ፣
ሃያ ዓመት ፎርም እንደተቀበልኩት፣ በጣቴ ጫፍ።

ቀጭ አለ።
አልለቀቅኋትም።

ሊጆን እየሮጠች መጣች፣ ይቅርታዋ ከሳቋ ጋር ተደባልቆባት፤
አንደኛው መንታ የአይስክሬሙን እንጨት ልሶ አቀበላት፤
በፓስተሩ ፋሻ ጠቀለለችኝ። ዋንዳ እጄን ወደ መብራቱ አነሳች፣
እንደ ሰነድ መረመረች፣
«በቃ፣ አሁን ሊግ ሆነ» አለች።

ዘንድሮ አራት ቡድን ነን። ኢንሹራንሱ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤
ሦስቱንም መልሻለሁ፣ ቃሌ ከደንቡ ሳያልፍ።
ፎርሙ ያው አራት ሳጥን ነው። አምስተኛውን በእጄ ሣልኩት፣
ጠማማ ወጣ፤ ማስመሪያ አጠገቤ ነበር፣ ተውኩት።

ማህተሙን ስጨብጥ ይቺ ጣት ብቻዋን ወደ ጎን ታያለች።
ምድር ቤቱ መስኮት የለውም፤
ሜዳው በየት በኩል እንደሆነ ግን ታውቃለች።